የገዛ ራሱን የሰለለው ጃንጥላ ጠጋኝ

ጋሽ ጃንጥላ ሰላይ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ዳቦ ቤቱ ያውቃል። ጋዜጣ አዟሪው ያውቃል። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ብርጭቆውን ስታቀብለው «ዛሬስ ጠላት እንዴት አደረ፣ ጋሼ?» ትለዋለች፤ እሱም «ደህና ነው፣ ጉንፋን ብጤ ይዞታል» ይላታል። ሚስቱማ ከተጋቡ ሳምንት ሳይሞላቸው ነው የደረሰችበት፤ ሰውየው በእንቅልፉ ያወራል። ይኼን የማያውቅ በከተማው ውስጥ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ የሚሰልልለት መሥሪያ ቤት ነው።

እንዴት ቢባል፣ እንዲህ ነው።

በወጣትነቱ ጦር ሠራዊቱ ውስጥ ድንኳን ሰፊ ነበር። ዝምተኛ ነው፣ ቁጭ ብሎ መዋል ይችላል፣ ፊቱም አንዴ ያየው ሰው ሁለተኛ የማያስታውሰው ዓይነት ነው። የወታደራዊ መረጃ አለቃ የነበረ አንድ ኮሎኔል ይኼን አየና ወደደው። አገሩ ከጎረቤት አገር ጋር ዓይንና ናጫ ነው፤ ያኔም ነበር፣ አሁንም ነው። የጎረቤቱ ጦር ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ አለው፤ ባለ አረንጓዴ በር ግቢ፣ የጦር ጉዳይ ተጠሪ የሚባል አንድ ወፍራም ሰውዬ የሚወጣበትና የሚገባበት። ኮሎኔሉ «ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጥ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ንገረኝ። ሌላ ሥራ የለህም» አለው። ዝም ብሎ መቀመጥ ያስጠረጥራል፤ ድንኳን የሰፋ ጃንጥላ አያቅተውም ተባለና ጃንጥላ ጠጋኝ ሆነ። ሰው መጀመሪያ ለማስመሰል ብሎ የያዘው ሥራ እያደር ይጥመዋል መሰለኝ፣ ጋሽ ጃንጥላ ከሰላይነቱ ይልቅ በጃንጥላው ጎበዘ። ከሦስት ሰፈር ማዶ ድረስ የተሰበረ ጃንጥላ ይመጣለታል።

ኮሎኔሉ አጥብቆ የሚያምንበት አንድ ነገር ነበረው፤ ሰላይን አለቃው እንኳ ማየት የለበትም ይላል። «ያላየኸውን ሰው ጥፍርህን ቢነቅሉህም አታወጣውም» ነው ነገሩ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል በወፍራም ቡናማ መጋረጃ ለሁለት ተከፈለ። ሰላዩ በጓሮ በር ይገባል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ያየውን ይናገራል፣ በመጣበት ይወጣል። ስሙም «ምስጥ» ነው። የምስጥን ፊት የሚያውቀው ኮሎኔሉ ብቻ ነበር። ኮሎኔሉ ደግሞ አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቆመና ምስጢሩን ይዞ ሄደ። የተተካው ሻለቃ የወረሰው አንድ መጋረጃና ከመጋረጃው ጀርባ የሚመጣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጋሽ ጃንጥላ በሩን ሲያይ በሩም እሱን ያያል። የግቢው ዘበኛ ከወንዙ ማዶ፣ ከጎረቤት አገር የመጣ ነው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል የሰፈሩ ልጆች «ምሰሶ» ብለውታል። የእሱም ሥራ ያው ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ጃንጥላ ጠጋኝ አይቶ ለአለቆቹ መንገር። ቋንቋውን የተማረው ከታክሲ ረዳቶች ስለሆነ ስድቡ ከአገሬው ሰው ስድብ ይበልጣል።

በመጀመሪያው ሰሞን ተፋጥጠው ብቻ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ጃንጥላ ሽንቱ መጥቶበት፣ በሩን ጥሎ መሄድም ፈርቶ፣ እግሩን አነባብሮ ሲንቆራጠጥ ምሰሶ አየው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሂድና ተመለስ። እኔ አይልሃለሁ» አለው።

«ምኑን?»

«በሩን ነዋ።»

ከዚያን ቀን በኋላ ሥራው ቀለለ። አመሻሽ ላይ ምሰሶ መንገዱን ይሻገርና የተሰበረ ጃንጥላ ያሳየ መስሎ ያጎነብሳል።

«ዛሬ ማን ገባ?» ይላል ጋሽ ጃንጥላ።

«ወፍራሙ። ሾፌሩ። አንድ ፂማም።»

«ፂማሙ ማነው?»

«ቧንቧ ሠሪ ነው። አንተ ግን ማንነቱ ያልታወቀ በላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። አንተስ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ጃንጥላ ጠገንኩ። አስነጠሰኝ።»

«ማስነጠሱን ልጨምረው?»

«ጨምረው፣ ምን ቸገረኝ።»

የሁለት አገር ጦር በዚህ ወሬ ስንት ዓመት ኖረ። አንዱም ጎደለብኝ ብሎ አያውቅም።

ማታ ማታ ጋሽ ጃንጥላ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ቀጥሎ ለሚስቱ የዓይን መድኃኒቷን ይጨምርላታል። እሷ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ራሷ አይሆንላትም፤ ሌላ ሰው ደግሞ ዓይኗ አጠገብ ድርሽ እንዲል አትፈቅድም። እህቷ ሞክራ ነበር፣ በጥፊ ብላ መለሰቻት። ሐኪሙ ጠብታው ከተቋረጠ ብርሃኗ እንደሚሄድ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ስለዚህ ጋሽ ጃንጥላ የትም አያድርም። ለቅሶ ቤት እንኳ አያድርም።

በዚህ መሐል ካሜራው መጣ።

መሥሪያ ቤቱ ከጋሽ ጃንጥላ መቀመጫ አጠገብ ከአንድ ልብስ መሸጫ በላይ ካለ የመብራት እንጨት ላይ ሰቀለው፤ ነጭ፣ ክብ፣ እንቁላል የመሰለ ነገር ነው። መንገደኛውን ሁሉ ያያል፣ ያየውን ወደ ማሽን ይልካል፣ ማሽኑ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ከመቶ ስንት እንደሚያስጠረጥር ውጤት ይሰጠዋል። ከማሽኑ ጋር አንድ ወጣት ኢንጂነር ተቀጠረ። ጨዋ ልጅ ነው፤ መጋረጃውን እንኳ አንቱ ነው የሚለው።

ጋሽ ጃንጥላ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ነው ወሬ የሚያቀብለው። ካሜራው ከተሰቀለ ዓመት ሲሞላው አንድ ሐሙስ እንደልማዱ በጓሮ ገብቶ ቁጭ አለ።

«ምስጥ» አለ ሻለቃው ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ዛሬ ትልቅ ነገር አለ። ኢንጂነሩ ይንገርህ።»

«እንደምን ዋሉ» አለ ኢንጂነሩ። «ካሜራው ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ሰው አግኝቷል። ዘጠና ሰባት ከመቶ።»

«ምኑ ነው ዘጠና ሰባት?»

«የጠላት ሰላይ የመሆን ዕድሉ።»

ጋሽ ጃንጥላ ደስ አለው። ይኼን ሁሉ ዘመን ሲቀመጥ አንድም ሰላይ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። «እንዴት አመለጠኝ? የት ጋ ነው?»

«ጃንጥላ ጠጋኝ መስሎ ይቀመጣል።»

ጋሽ ጃንጥላ የያዘውን ጃንጥላ ቀስ አድርጎ ወንበሩ ሥር ገፋው።

«በየቀኑ ይመጣል» አለ ኢንጂነሩ፣ «ዓይኑን ከበሩ ላይ አይነቅልም። ከግቢው ዘበኛ ጋር ይንሾካሾካል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ጃንጥላ ይዘረጋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይዘጋና ዕቃውን ሰብስቦ ይሮጣል። ከሰው ሁሉ ተቃራኒ ነው። አዘረጋጉም ምልክት አለው። ሁለቴ ከፍቶ አንዴ ከዘጋ ታንክ ማለት ነው ብለን ደርሰንበታል።»

«ሞላው ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

«የዓመቱን በሙሉ አይተነዋል። ያን ያህል ታንክ ሁሉ በሞላ ብልሽት አይመጣም። ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ይጠፋል። የት እንደሚሄድ አይታወቅም። አሁን ለምሳሌ ቦታው ላይ የለም።»

«አንተ ሰፈሩን ታውቀዋለህ» አለ ሻለቃው። «አሁን የት ሊሆን ይችላል ትላለህ?»

ጋሽ ጃንጥላ የተቀመጠበትን ወንበር አየ። «ሩቅ አይሄድም» አለ።

«ከነገ ጀምሮ ሌላውን ሥራ ትተህ እሱን ተከተል። የት ያድራል፣ ከማን ጋር ይበላል፣ ምን ያስባል። ንጹሕ ሆኖ ካልተገኘ ወሩ ሲያልቅ ወደ ቢጫው ሕንፃ ይገባል።»

ቢጫው ሕንፃ ምን እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። የገባ ሰው አይወጣም። ልብሱ እንኳ አይወጣም።

ማታ ለሚስቱ ጠብታውን ሲጨምርላት ዓይኗን ስቶ አፍንጫዋ ላይ አፈሰሰው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ሰው ተከተል ተባልኩ።»

«ማንን?»

«እኔን።»

በአንድ ዓይኗ አየችው፤ ሌላው ገና አልተጨመረለትም። «እና ምን አልካቸው?»

«እሺ አልኩ።»

«እኔን አንድ ቀን እሺ ብለኸኝ ታውቃለህ? ዳቦ ግዛ ስልህ ሙግት ነው። ራስህን አሳስር ሲሉህ እሺ?» ጠርሙሷን ከእጁ ነጥቃ አየቻት፣ መልሳ ሰጠችው። «ዓይኔን ማን ይዞልኝ ነው አንተ ቢጫ ሕንፃ የምትገባው? ሂድና እኔ ነኝ በላቸው። ነገር አታብዛ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ መጀመሪያ በዙሪያ ጥምጥም ሞከረ። ሰውየውን ተከትያለሁ አለ። ደህና ሰው ነው፣ ቤቱ ነው የሚያድረው፣ ሚስቱን ይወዳል፣ ጎኑን ስለሚያመው በቀኙ ነው የሚተኛው፣ ስለ ታንክ አስቦ አያውቅም።

ከመጋረጃው ወዲያ እስክሪብቶ ሲቀመጥ ተሰማ።

«በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ በምን አወቅክ?» አለ ሻለቃው።

«ተከተል ብላችሁኝ ነዋ።»

«ምስጥ፣ ሰውየው ገዝቶሃል እንዴ?»

ያን ጊዜ ጋሽ ጃንጥላ ቆረጠ። ሚስቱ እንዳለችው ነገር ሳያበዛ «ጌታዬ፣ ያ ሰውዬ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ሻለቃው ወንበሩን ሲያስጠጋ ተሰማ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ለታመመ ሰው እንደሚነገረው ነገረው።

«አዳምጠኝ፣ ምስጥ። አንተ እሱ ከሆንክ ምስጥ የጠላት ሰላይ ነው ማለት ነው። ምስጥ የጠላት ሰላይ ከሆነ ደግሞ እኔ የጠላት ሰላይ አለቃ ሆኜ ኖሬያለሁ ማለት ነው። አንተ ሳትሰቀል እኔ እሰቀላለሁ። እኔ ደግሞ መሰቀል አልፈልግም። ስለዚህ አንተ እሱ አይደለህም። ገባህ?»

«መጋረጃውን ልግለጠውና ፊቴን እዩት።»

«መጋረጃው ላይ እጅህ ካረፈ እተኩሳለሁ። የኮሎኔሉ ደንብ ነው፣ ነፍሱን ይማረው።»

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ያሉትን ማሽኑ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ተጠርጣሪው የኛን ሰው እስከዚህ ድረስ አእምሮውን ተቆጣጥሮታል ብሎ ነው የተረዳው። ወደ ዘጠና ዘጠኝ ወጥቷል።»

ሞኝና ማሽን የያዘውን አይለቅም። ጋሽ ጃንጥላ ሌላ ዘዴ አሰበና ቤቱ ተቀመጠ። ሰውየው ከሌለ ነገሩ ይረሳል ብሎ ነው። ግን ባሰ። ማሽኑ ተጠርጣሪው መሬት ውስጥ ገብቷል፣ አንድ ነገር ሊፈነዳ ነው አለ። ወታደር በየመንገዱ ወጣ። ወቅቱ ደግሞ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ሁሉ እጅ ወደ ላይ ይባላል፣ እጁን ሲያነሳ ጃንጥላውም አብሮ ይነሳል፣ ይኼ ደግሞ ምልክት ነው ተብሎ መኪና ላይ ይጫናል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከነአማቱ ታስሮ ዋለ። ሰፈሩ በሙሉ ጃንጥላውን አልጋ ሥር ደብቆ በዝናብ እየበሰበሰ ሲሄድ ጋሽ ጃንጥላ አላስቻለውም። ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ማሽኑም ተረጋጋ፤ ተጠርጣሪው ተገኝቷል አለ።

ካሜራውን ሽቅብ እያየ ሲያስብ አንድ ነገር ከነከነው። ማሽኑ ቀልማዳ ነው እንዳይል አፉ ተያዘ። በሩን ሲያይ ይውላል ብሏል፣ እውነት ነው። ከዘበኛው ጋር ይንሾካሾካል ብሏል፣ ይኼም እውነት ነው። የራሱን ወሬ እስከማስነጠሱ ድረስ ለጠላት ሲሰጥ የኖረው ማነው? እሱ ነው። ምናልባት ሳይታወቀው የእውነት ሰላይ ሆኖ ይሆን? ሰው ስለ ራሱ ሁሉን አያውቅም ይባላል።

አመሻሽ ላይ ምሰሶ መጣና የተሰበረ ጃንጥላ ሳይዝ አጎነበሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የኛም መጥቷል» አለ።

«ምኑ?»

«ማሽን። በሩ ጀርባ ተክለውታል። ዘበኛው ከሚሰልለው ሰው ጋር ከመጠን በላይ ይግባባል ብሎኛል። ዘጠና አራት ነኝ።»

«እኔ ዘጠና ዘጠኝ ነኝ» አለ ጋሽ ጃንጥላ፤ ሳይታወቀው ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር።

«አንተ ሁልጊዜ መብለጥ ትወዳለህ። አሁን ቀልድ አይደለም። ለምክክር ና ብለውኛል።»

«ምክክር ማለት ምንድነው?»

«እናንተ ቢጫ ትሉታላችሁ። የኛው ግራጫ ነው።» ምሰሶ የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ። «እናቴ በሕይወት አለች። ቀኗ ሲደርስ ሄጄ ብቀብራት ደስ ይለኛል፣ እሷ እኔን እንድትቀብረኝ ግን አልፈልግም። አንድ ነገር አስቤያለሁ።»

«ተናገር።»

«እነዚህ ማሽኖች የነገሯቸውን ወሬ አያምኑም። የሚያምኑት የሰረቁትን ወሬ ነው። አንተ ፊት ለፊት ንጹሕ ነኝ ብትል ውሸታም ነህ። ተደብቀው የሰሙት ከሆነ ግን እውነት ነው። የኛን ስልክ የናንተ ማሽን ይሰማል አይደል?»

«እኔ በምን አውቄ።»

«ይሰማል። እኛም እናንተን እንሰማለን። ያ ቡናማ መጋረጃችሁ ጠርዙ ላይ አንዲት ነገር ተሰፍታበታለች። ባለፈው ሰሞን በጎንህ ስለ መተኛትህ ያወራኸውን ሰምተናል፤ አለቃዬ ደጋግሞ አስከፈተውና ምን ማለት ይሆን ሲል ዋለ።»

ጋሽ ጃንጥላ አፈረ። «ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው?»

«ሐሙስ አንተ መጋረጃው ጀርባ ስትቀመጥ እኔ ስልክ እደውላለሁ። ያ ጃንጥላ ጠጋኝ አገራችንን ጨረሳት እላለሁ። የናንተ ማሽን ይሰርቀዋል፣ አንተ ትድናለህ። አንተም በዚያው ሰዓት ያ ዘበኛ አደገኛ ነው ትላለህ። የኛ ማሽን ይሰርቀዋል፣ እኔ እድናለሁ። የናንተዎቹ ከአገር ያባርሩኛል፤ ተጠርጣሪ ሆኜ ከምገባ ጠላት ያባረረው ጀግና ሆኜ ልግባ።»

«ትሄዳለህ ማለት ነው» አለ ጋሽ ጃንጥላ።

ምሰሶ ክሩን ደግሞ ፈትቶ አሰረው። «ዝም ብለህ እንዳልኩህ አድርግ፣ አንተ ሽማግሌ» ብሎ ተሻገረ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ጃንጥላ እየሄደ ሐሳቡ ይመላለስበት ጀመር። ሰውየው ጠላት ነው እኮ፤ እሱ ተናግሮ ምሰሶ ሳይደውል ቢቀርስ? አንዱ ጀግና ሆኖ እናቱ ዘንድ ይገባል፣ ሌላው ቢጫ ሕንፃ ይገባል፣ ሚስቱም ትታወራለች። ደግሞ በሌላ በኩል ክፉ ሐሳብ መጣበት፤ ምሰሶ ከደወለ እሱ ዝም ቢል ምን ይቀርበታል? ይድናል። ምሰሶ ግን ግራጫው ውስጥ ይቀራል። ይኼን ሐሳብ መሬት ላይ እንደ ምራቅ ተፋው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውን እያወቀ ነው የተፋው።

ገብቶ እንደተቀመጠ ሻለቃው «ምስጥ፣ እንኳን መጣህ» አለ። «ወሩን መጠበቅ ቀርቷል። ተጠርጣሪውን የሚይዝ መኪና ሄዷል። ቦታው ላይ የለም፣ ሐሙስ ነው፣ ሲመለስ ይጠብቁታል።»

ጋሽ ጃንጥላ ጆሮውን ወደ መጋረጃው አስጠጋ። ምሰሶ መደወሉን አያውቅም። ከመጋረጃው ወዲያ የኢንጂነሩ ማሽን ጉም ጉም ከማለት በቀር ድምፅ የለም።

«እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ዘበኛው ለመናገር ነው» አለ። መጋረጃው ጠርዝ ላይ ያለችው ነገር በደንብ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። «እስከ ዛሬ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት። ያ ሰው የጠላት ትልቁ ዓይን ነው። በዝናብ ቆሞ ይውላል፣ በፀሐይ ቆሞ ይውላል፣ አንድ ቀን ተቀምጦ አላየሁትም። ገንዘብ ሰጥቼ ሞከርኩት፣ ሳቀብኝ። ስለ አገሩ አንድ ቃል አላወጣልኝም። አንዴ ታሞ እግሩ እንዲህ አብጦ እንኳ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ያለ ሰው ቢኖረን እኛ የት በደረስን። አገሩ ታድላለች።»

እዚህ ጋ ድምፁ ተሰበረ፤ ሻለቃው ግን ንዴት መሰለው።

«ይኼን ያህል ትጠላዋለህ?»

«መድረሻ ነው ያሳጣኝ» አለ ጋሽ ጃንጥላ።

ያን ጊዜ ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነሳ። «ሻለቃ፣ ይቅርታ፣ ከስልኩ አሁን የሰረቅነው ነገር አለ። ዘበኛው ነው የደወለው። ላንብበው?» አነበበው። «‹ፊት ለፊት የሚቀመጠው ጃንጥላ ጠጋኝ ወገባችንን ቆረጠው። ልንገዛው ሞከርን፣ አልተገዛም። ልናስፈራራው ሞከርን፣ ሻይ ጋበዘን። እሱ እያለ እዚህ አገር አንዳች ነገር አንሠራም። ደግሞም ጃንጥላ ጠገና ይችልበታል።›»

«የመጨረሻው ምን ማለት ነው?» አለ ሻለቃው።

«አልገባንም። ምስጢራዊ ቃል ሳይሆን አይቀርም። ግን ማሽኑ ዘጠና ዘጠኙን ዜሮ አድርጎታል።»

ሻለቃው ወንበሩን ወደ ማሽኑ ሲስብ ተሰማ።

«ታዲያ የኛ ሰው ነው ማለት ነው» አለ ሻለቃው ቀስ ብሎ። «የማን ሰው? እኔ አልላክሁትም።»

«የኛ ክፍል አይደለም» አለ ኢንጂነሩ። «ምናልባት ከላይ…»

ድምፃቸው በአንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ሻለቃው ስልክ አንስቶ «መኪናውን መልሱ፣ ቶሎ፣ ሰውየውን አትንኩት፣ ወደሱ እንዳታዩ» አለ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረ። «ምስጥ፣ ሰውየውን መከተል አቁም። የኛ ዕውቀት የማይደርስበት ሰው ነው። መንገድ ላይ ካገኘኸው ግን ሰላም በለው።»

«እሺ።»

«ስለኛም ደህና ደህናውን ንገረው።»

«እነግረዋለሁ» አለ ጋሽ ጃንጥላ።

የምሰሶ መባረር ቶሎ ነው የመጣው። ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር መኪና በአረንጓዴው በር ላይ ቆመ። ፖሊስ ግራና ቀኝ ተሰለፈ፣ ሰፈርተኛው ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቿን ጥላ መጣች። ምሰሶ አንዲት ሻንጣ ይዞ ወጣ። ኮቱ አጭር ነው፣ እጁ ከእጅጌው አልፎ ይታያል። እዚህ ማዶ ያለው ካሜራ አንገቱን ወደሱ አዞረ። በሩ ጀርባ ያለውም በአጥሩ አናት ብቅ ብሎ ጋሽ ጃንጥላን አየው።

ጋሽ ጃንጥላ ተነሳ። መንገዱን ተሻግሮ ሰውየውን ሊያቅፈው እግሩ ግማሽ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ቢያቅፈው ሁለቱም አለቀላቸው። ምሰሶም አየው፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጀመረ።

«አንተ ዝገታም ሽማግሌ» አለ። «መቀመጫህ ሥር ሊሰድ ነው። በብርድ ወገብህን ሳትጠመጥም ትቀመጥና ማታ ማታ አመመኝ ትላለህ። ዘንድሮ ደግሞ ሳትጠመጥም ተቀመጥና መደፋትህን ልስማ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ጋሽ ጃንጥላም ጣቱን ቀስሮ መለሰለት።

«አንተ ምሰሶ፣ አንተ የቆመ በድን። ያን ያበጠ እግርህን ለሐኪም ለማሳየት እንኳ ወኔ የሌለህ ፈሪ። አገርህ ገብተህ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ካልሄድክ የሰው ልጅ አይደለህም፣ ይኼን በሰው ፊት ነው የምነግርህ።»

«ሚስትህ ባትኖር ኖሮ ውሻም አይጠጋህም ነበር። አንተን የታገስኩት ለእሷ ብዬ ነው። ዓይኗን በደንብ ካልያዝክ ከወንዙ ማዶ ሆኜ እረግምሃለሁ።»

«እናትህ አንተን ወልዳ እስካሁን በሰላም መኖሯ ይገርመኛል። ሂድና ያቺን ምስኪን ተቀመጥላት፣ ከፊቷ አትጥፋ፣ እንደ እዚህ ደግሞ በር ላይ ተገትረህ እንዳታስጠላት።»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ቀዳዳ ጃንጥላ።»

«አንተ ዝጋ። ምሳህንም ሳታኝክ ነው የምትውጠው፣ አንድ ቀን ያንቅሃል።»

ፖሊሶቹ ተያዩ። አንዱ ለባልደረባው «እንዲህ ያለ ጥላቻ በዕድሜዬ አላየሁም» አለው። ሁለቱ ካሜራዎች ከአንዱ ወደ ሌላው አንገታቸውን ሲያዞሩ ዋሉ። ሻይ ሻጯ ብቻ ነጠላ ጫማዋን እያየች አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

ምሰሶን መኪናው ውስጥ አስገቡት፤ ረጅም ስለሆነ ራሱን ጎንበስ አድርገው ነው ያስገቡት። መኪናው ተነሳ። ጋሽ ጃንጥላ መንገዱ መሐል ድረስ ተከትሎ «አንተ ሌባ፣ ሾፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ በለው፣ መታጠፊያው ላይ ጭቃ አለ፣ አንተ የማትረባ» እያለ ጮኸ። መኪናው ታጠፈ። ድምፁም ጭሱም ጠፋ። እሱ ግን እጁን እያወራጨ፣ አንድ በአንድ፣ የቀረውን ስድብ ሁሉ ያወጣ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጅል፣ እንዲህ ያለ ደረቅ፣ ሰው የማይሰማ፣ ብርድ የማይፈራ።

አንድ ወጣት ፖሊስ ቀረብ ብሎ ክንዱን ያዘው። «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ሄዷል» አለው።

«አውቃለሁ» አለው ጋሽ ጃንጥላ፣ ስድቡንም ቀጠለ።